ፀሐይ ሳይሞቀው

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኦሃዮ ገዥ ማይክ ዴዋይን የግዛቲቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ሲዘጉ በአሜሪካ የቀደማቸው አልነበረም። ለሦስት ሳምንት ነው የተባለው። መስከረም ጠብቶም ግን ልጄ አምስተኛ ክፍልን የጀመረችው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በኮምፒውተር ነበር። እናቷ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። እኔ ደግሞ በኮሎምበስ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሪክንባከር አየር ማረፊያ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ጠዋት ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ወዳለው አፓርታማችን ስደርስ ልጄ ካሜራዋን አጥፍታ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አገኛታለሁ። አፏ የማያርፍ ልጅ ዝም ስትል ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንሽላሊት ይገዛልኝ ስትል እምቢ ለማለት አቅም ያጣሁትም ለዚህ ነው።

አገር ቤት፣ ራያ ቆቦ ስናድግ እንሽላሊት ማለት ከካብ ውስጥ ብቅ ሲል የሚያስደነግጥ፣ በድንጋይ የሚባረር ፍጥረት ነበር። እሷ የፈለገችው የአውስትራሊያውን ጺማም እንሽላሊት፣ እዚህ ቢርድድ ድራገን የሚሉትን ነው። ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ከአገጩ ሥር ያለውን እሾሃማ ቆዳ ነፍቶ ያጠቁረዋል፤ ጺማም ያሰኘው እሱ ነው። አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷ ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይወጡ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስለከለከለች፣ ዛሬ በአሜሪካ ቤቶች የሚታየው ሁሉ በሰው እጅ ከተፈለፈለ ዘር የመጣ ነው። ሲያድግ ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ በደህና ከተያዘም ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። እኛ ያመጣነው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ግልገል ነበር። ልጄ አንበሴ አለችው።

የሸጠልን ሰው ያሳደገው በትናንሽ ፌንጣ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ በሚጮኸው ቡናማ ዓይነት። እኛም እሱኑ ከነካርቶኑ እየገዛን እናመጣለት ጀመር። አንበሴ ፌንጣ ሲያይ አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ሮጦ ይለቅመዋል። ግን ፌንጣው ይሸታል፣ ሳይበላ በብዛት ይሞታል፣ ያደገው ወንድ ደግሞ ካርቶኑ ጨለማ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አንበሴ በሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሳይበላ ያደረ ፌንጣም የተኛውን እንሽላሊት ይነክሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ፌንጣ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ መብለጡ ነው። በማደግ ላይ ያለ እንሽላሊት ካልሲየም ካነሰው አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ይጣመማል፣ እግሩ መቆም ያቅተዋል። ስለዚህ ፌንጣውን በካልሲየም ዱቄት እያገላበጥን ነበር የምንሰጠው። በአንድ ምግብ ላይ ብቻ የቆመ ቀለብ ለገበያው እንኳ አስተማማኝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ዴንሶቫይረስ የሚባል ተሕዋሲ የአሜሪካን የፌንጣ እርባታዎች ሲያጠቃ ከሥራ የወጡ አርቢዎች ነበሩ።

ሐኪም ዘንድ ወስደነው ኩሱ ተመረመረ። በግልገሎች አንጀት ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ስለሚበዛ፣ ምግብ እምቢ የሚል ሁሉ መራጭ አይደለም፤ የታመመም ይኖራል። አንበሴ ንጹሕ ነበር። ሐኪሟ የምግቡን ዓይነት አብዙለት፣ በዱቢያ በረሮ ጀምሩ አለችን።

ባለቤቴ “በረሮ? ያውም በገንዘባችን ገዝተን?” አለች። እውነቷን ነው፤ ቀድሞ በነበርንበት አፓርታማ ከበረሮ ጋር ስንታገል ከርመናል። ዱቢያ ግን ያ በረሮ አይደለም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሙቀት ካላገኘ አይራባም፣ ልሙጥ ነገር ላይ መውጣት አይችልም፣ ሴቷ ክንፏ አጭር ስለሆነ አትበርም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ በቃል ስነግራት አላመነችም። ያመነችው አንዱ በረሮ የፕላስቲኩን ዕቃ ግድግዳ ሲቧጥጥ፣ ሲንሸራተት፣ እንደገና ሲቧጥጥ ቆማ ካየች በኋላ ነው። ከዚያ ክዳኑን ራሷ ከደነችውና “ከወጥ ቤቴ ግን ይራቅ” አለች።

በረሮው ቤት ገባ። አንበሴ ግን አላወቀውም።

በወረንጦ ይዘን ስናቀርብለት ራሱን ያዘነብላል፣ በአንድ ዓይኑ ትክ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያዞራል። ሳህን ላይ ስናኖርለት ደግሞ በረሮው ራሱ ድንጋይ ይሆናል፤ አደጋ ሲሰማው እግሩን ሰብስቦ ፀጥ ማለት ልማዱ ነው። ግልገል እንሽላሊት ምግቡን የሚለየው በእንቅስቃሴው ነው። ከፊቱ የተቀመጠው ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ለእሱ ከጠጠር አይለይም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን እንስሳ ቀበጥ፣ አመለኛ ይለዋል። እኔ ይህ ስም አይዋጥልኝም። አንበሴ አልናቀም፤ የሚበላ ነገር መሆኑን የነገረው አልነበረም።

“ፌንጣውን ከልክሉት፣ ሲርበው ይበላል” ያለን ሰው አልታጣም። ላደገ እንሽላሊት ምናልባት ይሆናል። ግልገል ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መብላት ያለበት፣ አጥንቱ ገና የሚሠራ ፍጥረት ነው፤ በረሃብ ማስተማር ትምህርት አይደለም። ልጄም አሻፈረኝ አለች። የወጥ ቤቱን ሚዛን ወስዳ በየጠዋቱ ትመዝነውና ደብተር ላይ ትጽፍ ጀመር። ቁጥሩ ባለበት መቆሙን ስታይ ከንፈሯን ትነክሳለች።

በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ ወንድሜ ከራያ ቆቦ ደወለ። የዚያን ዓመት የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበር። ለአጨዳ በደረሰው ጤፍና በማሽላው ላይ ወርዶ፣ ሰው ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያባርራል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። ወንድሜ ድምፁ ሰልሎ ነበር፤ ከጩኸቱ ይሁን ከሐዘኑ አልጠየቅሁትም። ልጄ አጠገቤ ነበረችና ሰላም ልትለው ስልኩን ተቀበለች። ከሰላምታው ቀጥላ “ጋሼ፣ አንበሴ እኮ አልበላልህ አለኝ” አለችው።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አዝመራውን ነፍሳት እየጨረሱበት ላለ ገበሬ፣ ነፍሳት በገንዘብ ገዝተን አልበላም ያለን እንሽላሊት እንደምንለማመጥ ይነገረዋል? ስልኩን ልቀማት እጄን ዘረጋሁ። ወንድሜ ግን አልተቆጣም፣ አልሳቀም። ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ በዝርዝር ጠየቃት። ከዚያ “በስንት ሰዓት ነው የምትሰጭው?” አላት።

“ጠዋት፣ ክፍል ሳልገባ።”

“ፀሐይ ሞቆታል?”

ልጄ መልስ አልነበራትም። “ይኸውልሽ” አላት፤ “አንበጣው ሌሊት ዛፍ ላይ ያድራል። ጠዋት ብርድ ይዞት ክንፉን አያነሣም፤ እኛም የምንደርስበት ያኔ ነው። ፀሐይ አንዴ ከሞቀው በኋላ ማን ይይዘዋል! ያንቺም ፍጥረት እንደሱ ነው የሚሆነው። ፀሐይ ሳይሞቀው ምን ብሎ ይበላል?”

ይህ ሰው ስለ አውስትራሊያ እንሽላሊት አንድ መስመር አላነበበም። ግን ነገሩ ይኸው ነው። እንሽላሊት ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ሰውነቱ ሳይሞቅ አያድንም፤ ቢውጥም አይፈጭለትም። ጺማሙ እንሽላሊት የሚሞቅበት ድንጋይ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት። ሙቀት በዚህ እንስሳ ላይ ያለው ሥልጣን እንቁላሉ ውስጥ ይጀምራል፤ እንቁላሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ በዘሩ ወንድ መሆን የነበረበት ሴት ሆኖ ይፈለፈላል። በኮሎምበስ ጥቅምት ሲገባ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ የእኛም ሳጥን በመስኮቱ በኩል ነበር። ልጄ የማሞቂያ አምፖሉን የምታበራውና ምግቡን የምታቀርብለት በአንድ ጊዜ ነው። አንበሴ ከነቅዝቃዜው ያላወቀውን ነገር እንዲያሳድድ ነበር የምንጠብቀው።

በማግስቱ ሳጥኑን ከመስኮቱ አራቅነው። ቴርሞሜትሩን ከመስታወቱ አንስተን ድንጋዩ ላይ አኖርነው። ለካልሲየሙ የሚያስፈልገውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠውን ረጅም አምፖልም በላዩ አስተካከልን፤ የመስኮት መስታወት ያንን ጨረር ስለሚያስቀር ከውጭ የሚገባው ፀሐይ ለአጥንቱ አይረዳውም። የምግቡ ሰዓት ደግሞ ወደ ልጄ የመጀመሪያ የእረፍት ሰዓት ተዛወረ። እስከዚያ አንበሴ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ፣ አፉን በስሱ ከፍቶ፣ ሆዱን አሰፍቶ ይሞቃል።

በረሮዎቹን ቀን ቀደም ብለን ካሮትና ጎመን እናበላቸዋለን፤ እንሽላሊቱ የሚበላው በረሮው የበላውን ጭምር ነው። ጎመኑ ክሊቭላንድ አቬኑ ካለው የአበሻ ሱቅ የምንገዛው፣ ባለቤቴ ለምሳ የምትቀነጥሰው ያው ጎመን ነበር። ከበረሮዎቹም ትንንሾቹን ብቻ እንመርጣለን። ለግልገል የሚሰጥ ነፍሳት በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ሊያንቀው ወይም አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ ጠርዙ ልሙጥና ጠለቅ ያለ ሳህን ውስጥ መጀመሪያ አንድ ፌንጣ እንለቃለን። ይበላል። ሌላ ፌንጣ እንጨምራለን። የአደን ስሜቱ ሲነቃ፣ ዓይኑ ሳህኑን ሲከታተል፣ ፌንጣና በረሮ አንድ ላይ እናስገባለታለን። በረሮው ድንጋይ እንዳይሆን ልጄ በወረንጦ ጫፍ በጀርባው ትገለብጠዋለች። በጀርባው የወደቀ በረሮ ፀጥ ማለት አይችልም፤ ስድስቱንም እግሮቹን አየር ላይ ያንፈራግጣል።

ያቺን ጠዋት ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። ከሥራ ገብቼ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። አንበሴ ሁለት ፌንጣ ከበላ በኋላ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። በረሮው ይንፈራገጣል። አንበሴ ራሱን አዘነበለ፤ የጭራው ጫፍ እንደ ድመት ጭራ ተወዛወዘ። ሮዝ ምላሱን በከንፈሩ መሐል ትንሽ አወጣ። ያኔ ነው ልጄ እጄን የጨበጠችው። ዘሎ ወደቀበት፣ ነከሰው፣ የመጀመሪያው ቅርፊት ሲሰነጠቅ ድምፁ ተሰማ፣ ከዚያ ቆመ። አፉ እንደሞላ ዝም ብሎ ቆመ። ይተፋዋል ብለን ስንፈራ መንጋጋው እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ፣ ዋጠው። ወደ ሳህኑም ተመለሰ።

እረፍቱ ሲያልቅ ልጄ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠችና ካሜራዋን ከፈተች። መምህሯ “ዛሬስ አየሁሽ!” ስትላት ከወዲያኛው ክፍል ሰማሁ። ከዚያ የልጄ ድምፅ፣ ስለ በረሮው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሳህኑ፣ አገር ቤት ስላለው አጎቷ ሳትተነፍስ ስታወራ። ልብሴን ሳልቀይር እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ ማለት አይደለም። ቆዳውን በሚገፍበት ሳምንት ምንም አይነካም ነበር። አንዳንድ ቀን ፌንጣውን ለቅሞ በረሮውን ይተዋል። እኛም የተረፈውን አንስተን ለነገ እናቆያለን እንጂ አንታገለውም። ቀስ በቀስ ፌንጣውን እየቀነስን በረሮውን አበዛን። ከበረሮው በኋላ ያለው መንገድ አጭር ሆነ። ብላክ ሶልጀር የሚባለው ዝንብ እጭ በተፈጥሮው ካልሲየም የሞላው ስለሆነ ዱቄት እንኳ አያሻውም፤ ይንፏቀቃል፣ አንበሴም ወዲያው ለቀመው። የሐር ትል መጣ፤ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ለሆድ የማይከብድ። በአገራችን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሐር ትል እርባታ ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ለእንሽላሊቱ ቀለብ ያረባዋል። በመጨረሻ በደቃቁ የተከተፈው ጎመን ራሱ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ተበላ። ያደገ ጺማም እንሽላሊት አብዛኛው ምግቡ ቅጠል መሆን ስላለበት ከሁሉ አብልጠን የቆጠርነው ድል ይሄኛው ነበር። የልጄ ደብተር ላይ ያለው ቁጥር መውጣት ጀመረ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ፎቶ አንስታ ለጋሼዋ ትልክለታለች።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ አንበሴ ትልቅ ሆኖ ነበር። ኮሎምበስ በሰኔ ውብ ናት። ሣሩ ይረዝማል፣ አመሻሹ ይረዝማል፣ ሲጨልምም ፋየርፍላይ የሚሉት ጥንዚዛ ከየሣሩ ሥር ተነሥቶ ብልጭ ድርግም እያለ አየሩን ይሞላዋል። የሰፈሩ ልጆች በብርጭቆ ይይዙታል። ልጄ አንበሴን ቀን ቀን ፀሐይ ለማስመታት ግቢው ሣር ላይ ታወጣው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ አንበሴ ራሱን አዘነበለ፣ ምላሱን አወጣ። ልጄ እንደ ንስር ወርዳ አነሣችው። ከሣሩ ላይ የተገኘው ጥቁር ክንፉ በስሱ ቢጫ የተቀነበበ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀን ስለሆነ የማያበራ ጥንዚዛ ነበር።

ልጄ አስቀድማ አንብባ ስለነበር ታውቃለች። እነዚህ ጥንዚዛዎች ሉሲቡፋጂን የሚባል መርዝ በሰውነታቸው ይይዛሉ፤ የጉርጥ መርዝ ዘመድ ነው፣ ልብን ያቆማል። ጺማም እንሽላሊቶች ፋየርፍላይ በልተው መሞታቸው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በእንስሳት ሐኪሞችና በተመራማሪዎች ተዘግቧል። እንስሳው አፉን ይከፍታል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ከጥንዚዛው ጋር አብረው የኖሩት የአሜሪካ ነፍሳት በል እንስሳት መራራነቱን አውቀው ይሸሹታል። የአውስትራሊያው እንሽላሊት ግን በአገሩ አይቶት ስለማያውቅ መጠበቂያ የለውም። ያን ዕለት ማታ ብዙ አሰብኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የታገልነው አንበሴ ያላወቀውን እንዲቀበል ነበር፤ ተቀብሎም የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ማመን ጀመረ። ግልገል ሳለ ፊቱን ያዞርብን የነበረው ያ እምቢታ የራሱ አጥር ኖሯል። አጥሩን ካፈረስንበት እኛ መጠበቅ ነበረብን።

ያ ክረምት ሳያልቅ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ቆቦ ደረሰና የወንድሜ ስልክ ተቋረጠ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልችልም። ልጄ ፎቶውን መላኳን አላቆመችም፤ አይደርስም፣ እሷ ግን ትልካለች። ከወራት በኋላ መስመሩ ተመልሶ ድምፁን የሰማን ዕለት ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ፣ ምን እንደተረፈ ተባባልን። ሁሉም ከተባለ በኋላ “ልጂቱን ስጠኝ” አለኝ። ስልኩን ሰጠኋት።

“ያ እንሽላሊት ይበላል?”

“ይበላል፣ ጋሼ። ሁሉንም ይበላል።”

“ፀሐይ እየሞቀው?”

“እየሞቀው።”

ልጄ ዛሬ የእንሽላሊቱን ያህል የነፍሳቱ ነገር ገብቷታል። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር የነፍሳት ናሙና የያዘ ክምችት እንዳለው ካወቀች ወዲህ እዚያ ገብቼ እማራለሁ ትላለች። ብትማር ደስ ይለኛል።

እናንተም በዚህች ከተማ፣ ወይም ክረምቱ እንደዚህ በሆነ ሌላ ቦታ፣ ለልጆቻችሁ ይህን እንሽላሊት ያመጣችሁ ወላጆች፣ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። አዲስ ምግብ እምቢ ቢላችሁ አታስርቡት። አስመርምሩት፣ አሙቁት፣ ከለመደው ጋር ቀላቅሉለት። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ ግን ከግቢ የተያዘ ነፍሳት አንድም አትስጡት፣ ሣር ላይም ብቻውን አትተዉት። አንዲት ፋየርፍላይ ትገድለዋለች።